በሦስት ፔንስ የተጀመረ ጠብ፦ ከቦስተን እስከ ፊላደልፊያ

አርብ፣ መንገድ ላይ

የቦስተንን ማራቶን የማያውቅ ሐበሻ ጥቂት ነው። አበበ መኮንን በ1989 አሸንፎበታል። ፋጡማ ሮባ ከ1997 ጀምሮ ሦስት ዓመት በተከታታይ ወስዳዋለች። ሌሊሳ ዴሲሳ ደግሞ በ2013 ያገኘውን ሜዳሊያ በዚያው ውድድር ላይ በፈነዳው ቦምብ ለተጎዱት ሰዎች መታሰቢያ እንዲሆን ለከተማዋ መልሶ ሰጥቷል። ውድድሩ ለምን ሰኞ እንደሚሮጥ ግን የሚጠይቅ ብዙ የለም። ምክንያቱ በዓል ነው። ማሳቹሴትስ የአፕሪልን ሦስተኛ ሰኞ «የአርበኞች ቀን» ብላ ታከብራለች። የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የነበረችው አሜሪካ ከእንግሊዝ ጋር ያደረገችው የነጻነት ጦርነት በ1775 የፈነዳበት ዕለት መታሰቢያ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ዘንድሮ ሩጫውንም በዓሉንም እንይ ብለን ተነሳን። እኔና የአጎቴ ልጅ። እሱ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ኡበር ይሠራል። መኪናው የሱ፣ መሪውም የሱ። የኔ ድርሻ ቆሎ ማቀበልና ወሬ ማሳመር ነበር።

መንገዱ ኪስ ያራቁታል። ሜሪላንድ ይከፈላል። ደላዌር ይከፈላል። ኒው ጀርሲ ይከፈላል። ኒውዮርክ ድልድይ ላይ ደግሞ የባሰ ይከፈላል።

«ቆይ፣ እነዚህ ሰዎች ቀረጥ አንከፍልም ብለው አይደል እንዴ ሀገር የመሠረቱት?» አለኝ።

«ሳንጠየቅ አንከፍልም ነው ያሉት።»

«እኔንስ ማን ጠየቀኝ?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ወሬውን ከዕዳው ጀመርኩለት። እንግሊዝ ከፈረንሳይ ጋር የገጠመችውን የሰባት ዓመት ጦርነት በ1763 አሸንፋ ወጣች። ካናዳንም ያዘች። ግን ዕዳዋ እጥፍ ሊሆን ትንሽ እስኪቀረው አብጦ ወደ 130 ሚሊዮን ፓውንድ ተጠጋ። በዚያ ላይ 10 ሺህ ገደማ ወታደር አሜሪካ ውስጥ ላስቀምጥ አለች። የለንደን ሹማምንት ያሉት ነገር ሲሰሙት ብዙም አይከፋም። ጦርነቱ ለእናንተም ጭምር ነው የተደረገው፣ ከወጪው ትንሽ ቻሉ አሉ። እዚያው እንግሊዝ ያለው ሰው ከአሜሪካው ሰፋሪ በብዙ የበለጠ ግብር ይከፍል ነበር። ይሄን ዘሎ የሚያልፍ አስጎብኚ ካጋጠማችሁ ታሪኩን በግማሹ ነው የነገራችሁ።

ቦስተን ስንደርስ መሽቷል። ሽሮ በልተን ተኛን።

ቅዳሜ፣ ቀዩ መስመር

ቦስተን መሃል ከተማ የእግረኛው መንገድ ላይ በቀይ ጡብ የተሠራ መስመር አለ። 4 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጠማዘዘ 16 ታሪካዊ ቦታዎችን ያገናኛል። ካርታ አያስፈልግም። እሱን እያዩ መሄድ ነው።

መጀመሪያ የቆምነው መቃብር ቦታ ላይ ነው። ሳሙኤል አዳምስ፣ ጆን ሃንኮክ፣ ጄምስ ኦቲስ፣ ፖል ሪቪር እዚያ ተኝተዋል። አዳምስ የአመጹ ዋና ቆስቋሽ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሥራው ምን ነበር? የቦስተን ግብር ሰብሳቢ! ያውም የማይሆን ግብር ሰብሳቢ። ከሰው ሳይሰበስብ የተወው ገንዘብ በሺዎች ፓውንድ እየተቆጠረ ስሙ ላይ ዕዳ ሆኖ ነበር።

«ለካ ለዚህ ነው የተወደደው» አለ የአጎቴ ልጅ።

ከመስመሩ ወጣ ብለን ዋሽንግተን ጎዳና ላይ አንድ ዛፍ የነበረበትን ቦታ ፈለግን። ዛፉ ዛሬ የለም። በ1775 የንጉሡ ደጋፊዎች ቆርጠውታል። ምልክቱ ብቻ አለ፤ ሰዉም ቀና ብሎ ሳያየው ያልፋል። እኔ ግን ከቀዩ መስመር ሁሉ ይሄን ቦታ ነው የምመርጠው።

በ1765 የለንደን ፓርላማ፣ የአሜሪካ ሰፋሪዎች አንድም ተወካይ ያልነበራቸው፣ የቴምብር ቀረጥ ሕግ አወጣ። እኛም ሀገር ውል ስትዋዋል የቴምብር ቀረጥ ትከፍላለህ። እዚህ ግን ከውል አልፎ ጋዜጣ፣ ኑዛዜ፣ ዲፕሎማ፣ የመጠጥ ቤት ፈቃድ፣ መጫወቻ ካርታ ሳይቀር ማኅተም ያለበት ወረቀት ይፈልግ ነበር። ክፍያው በእንግሊዝ ገንዘብ ነው። የተላለፈ ሰው ዳኛ ብቻውን በሚፈርድበት የባሕር ፍርድ ቤት ሊቆም ይችላል። ሕጉ ከሁሉ በላይ ያሳመመው ጠበቃውን፣ ጋዜጣ አታሚውንና ባለመጠጥ ቤቱን ነው። ለንደን አፍ ያላቸውን ሰዎች መርጣ የነካች ነው የሚመስለው።

ኦገስት 14 ቀን አንድሩ ኦሊቨር የሚባለው የቴምብር አከፋፋይ በጨርቅ የተሠራ ምስሉ እዚያ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ተገኘ። ሰውየው ወዲያው ሥራውን እንደሚተው ቃል ገባ። ከ12 ቀን በኋላ ደግሞ ሕዝቡ የምክትል አገረ ገዥውን የቶማስ ሀችንሰንን ቤት እስከ ግድግዳው ገፈፈው። የሚያሳዝነው፣ ሀችንሰን ራሱ ቀረጡን በልቡ የሚቃወም ሰው ነበር። እዚህ ላይ ጀግና የምለው ሰው አላገኘሁም። ሰክሮ የሰው ቤት የሚዘርፍ ጀግና አይባልም።

የእንግሊዝን ዕቃ አንገዛም የሚለው አድማ ግን ሠራ። የለንደን ነጋዴዎች ኪሳቸው ሲሳሳ ፓርላማውን ወጥረው ያዙት። በማርች 1766 ሕጉ ተሻረ። ቦስተን ጨፈረች። በዚያው ቀን የወጣውን ሌላ ሕግ ልብ ያለው ጥቂት ነው፦ ፓርላማው በማናቸውም ጉዳይ ላይ ቅኝ ግዛቶቹን የሚገዛ ሕግ የማውጣት ሥልጣን አለው። ገንዘቡን ተዉት፣ ሥልጣኑን አልለቀቁም።

ከሰዓት በኋላ ወደ አሮጌው የመንግሥት ቤት ወረድን። ጣሪያው ላይ አንበሳና ባለ አንድ ቀንዱ ፈረስ፣ የንጉሡ ምልክቶች ቆመዋል። ከፊቱ መሬት ላይ ክብ የኮብልስቶን ምልክት አለ። በማርች 5 ቀን 1770 የእንግሊዝ ወታደሮች በተሰበሰበ ሰው ላይ ተኩሰው አምስት ሰው ገደሉ። አንዱ ክሪስፐስ አተክስ ነው፤ የአፍሪካና የቀደምት አሜሪካውያን ዝርያ ያለው ባሕረኛ። ወታደሮቹ ከተማው ውስጥ ምን ይሠሩ ነበር? በ1767 ሌላ ቀረጥ መጣ፤ በመስታወት፣ በእርሳስ ብረት፣ በቀለም፣ በወረቀትና በሻይ ላይ። እንደገና አድማ ሆነ። እንደገና ረብሻ ሆነ። በ1768 ወታደር ገባ።

ሁለት ነገር ልጨምር። ወታደሮቹን ፍርድ ቤት ቆሞ የተከራከረላቸው ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ጆን አዳምስ ነው። ስድስቱ ነጻ ወጡ፣ ሁለቱ በቀላል ጥፋት ተፈርዶባቸው አውራ ጣታቸው ላይ በጋለ ብረት ተተኮሱ። ሁለተኛው ግጥጥሞሽ ነው። ደሙ በፈሰሰበት በዚያው ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ሎርድ ኖርዝ ከአምስቱ ቀረጥ አራቱ ይነሱ ብሎ ለንደን ውስጥ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ወሬ በመርከብ በሚሄድበት ዘመን ማን ያውቃል?

የቀረው አምስተኛው ሻይ ነው። በአንድ ፓውንድ ክብደት ሻይ ሦስት ፔንስ፣ ማለትም ሦስት የእንግሊዝ ሳንቲም።

እሁድ፣ ሻዩ

ጠዋት ቅዳሴ ሄድን። ሲያበቃ አዳራሹ ውስጥ ዳቦና ሻይ ቀረበልን። አንዲት እናት አጠገባችን ተቀምጠው «ወዴት ልትሄዱ ነው ልጆቼ?» አሉን።

«ሻይ የተደፋበት ቦታ ልናይ ነው፣ እማማ።»

«እሱን ደፍተው እኮ ነው ዛሬ ሁሉም ቡና ይዞ የሚሮጠው» ብለው ሳቁ። «ነገ ልጆቻችን ሲሮጡ ሳታዩ እንዳትሄዱ ደግሞ።»

ኦልድ ሳውዝ የሚባለው የጸሎት ቤት በጊዜው የቦስተን ትልቁ አዳራሽ ነበር። በዲሴምበር 16 ቀን 1773 አምስት ሺህ ያህል ሰው ውስጥም ውጭም ሞልቶት ነበር። የእንጨት ወንበሮቹ ላይ ተቀምጠን ነገሩን ለመፍታት ሞከርን። የጉዞው ቁልፍ እዚህ ነው ያለው።

ሰው ሁሉ ሻይ ስለተወደደ የተደፋ ይመስለዋል። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሻዩ ረክሶ ነበር። የእንግሊዙ የንግድ ድርጅት ኢስት ኢንዲያ ኩባንያ ሊከስር ደርሶ፣ ያልተሸጠ ሻይ መጋዘን ሙሉ ታቅፎ ተቀምጧል። ፓርላማው ሊያድነው በ1773 ሕግ አወጣ። ኩባንያው እንግሊዝ ውስጥ የሚከፈለው ቀረጥ ቀርቶለት፣ ሻዩን በቀጥታ አሜሪካ ወስዶ በራሱ ወኪሎች እንዲሸጥ ተፈቀደለት። ዋጋው ከኮንትሮባንዱ የሆላንድ ሻይ ጋር የሚፎካከር ሆነ። ሦስቱ ፔንስ ግን እንዳለች ቀረች። ማንሳት ይችሉ ነበር። ሎርድ ኖርዝ አላነሳም አለ። ፓርላማው ቀረጥ የመጣል ሥልጣን እንዳለው ማሳያ አድርጎ ይዟት ነበርና።

«እና ርካሽ ሻይ ሲመጣላቸው ነው የደፉት?» የአጎቴ ልጅ አላመነም።

«ርካሹን ከገዛህ ሦስቷን ፔንስ ከፈልክ። ከከፈልክ ሥልጣናቸውን ተቀበልክ።»

ትንሽ ካሰበ በኋላ የኔን የሚበልጥ መልስ ሰጠ። «የማላውቀው ሰው ሳያንኳኳ ቤቴ ገብቶ ወጤን ቢያጣፍጥልኝ እንደማለት ነው። ወጡ ጣፍጦ ይሆናል። ግን ማን ግባ አለህ?»

ነገሩ መርህ ብቻ ነበር ማለቴ አይደለም። ጥቅምም ነበረበት። ሃንኮክን የመሰሉ ትልልቅ ነጋዴዎች በኮንትሮባንድ ይጠረጠሩ ነበር፤ «ሊበርቲ» የምትባል መርከቡ በ1768 በጉምሩክ ተይዛበታለች። ርካሽ ሕጋዊ ሻይ ለኮንትሮባንዲስት መርዶ ነው። በሌላ በኩል ቦስተን ላይ ሻዩን እንዲሸጡ ከተመረጡት ወኪሎች ሁለቱ የሀችንሰን ልጆች ናቸው። አባትየው በዚያን ጊዜ አገረ ገዥ ሆኗል። ኒውዮርክና ፊላደልፊያ መርከቦቹን ሲመልሱ ቦስተን ያልመለሰችው ያለምክንያት አይደለም። ሻዩን ከጫኑት መርከቦች የአንዷ ባለቤት ፍራንሲስ ሮች «የመውጫ ፈቃድ ስጠኝና ልመልሰው» ብሎ ለመነ። ሀችንሰን እምቢ አለ። ቀረጡ እንዲከፈል ጉምሩኩ የሰጠው የ20 ቀን ገደብ በማግሥቱ ያበቃል። ሮች መልሱን ይዞ ሲመጣ መሽቶ ነበር። ያን ማታ ሞሃውክ የሚባሉትን ቀደምት አሜሪካውያን መስለው የለበሱ ሰዎች ወደ ወደቡ ወረዱ።

ወደቡ ላይ ዛሬ የመርከቦቹ ቅጂ ያለበት ሙዚየም አለ። ትኬቱ ውድ ነው፣ ትያትሩም በዛ። አስጎብኚዎቹ የድሮ ልብስ ለብሰው ይጮኻሉ፣ ቱሪስቱ ሳጥን ወደ ባሕር ይወረውራል። ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይወዱታል። እኔን ያቆመኝ መስታወት ውስጥ ያለው አንድ ተራ የእንጨት ሳጥን ነው። ከዚያ ሌሊት ከተረፉት ሁለት ሳጥኖች አንዱ እንደሆነ ይነገራል። የተደፋው 342 ሳጥን፣ ወደ 42 ሺህ ኪሎ የሚጠጋ የቻይና ሻይ ነው። ኪሳራው 9,659 ፓውንድ። ባሕሩ ሸሽቶ ስለነበር ሻዩ ከመርከቦቹ ጎን ተከመረ። ሌላ ንብረት አልተነካም። አንድ ቁልፍ ተሰብሮ ነበር፣ እሱም ተተካ። እንዲህም ሆኖ ከአሜሪካ መሥራቾች አንዱ የሆነው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ሻዩ ይከፈል ባይ ነበር።

ሰኞ፣ ሌክሲንግተን እና ኮንኮርድ

ሌሊት ተነስተን ሌክሲንግተን ደረስን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሰዉ መሰላል ይዞ፣ ሕፃን ትከሻው ላይ ጭኖ ሜዳውን ከቧል። ጎህ ሲቀድ የ1775ቱን የመጀመሪያ ውጊያ የሚያሳየው ድራማ ተጀመረ። በአንድ በኩል ቀይ የለበሱት፣ በሌላው በኩል ገበሬዎቹ። ጩኸት፣ ተኩስ፣ ጭስ። አለቀ። ከጠበቅነው በጣም አጭር ነበር። ያኔም አጭር ነበር። በካፒቴን ጆን ፓርከር የሚመሩ 77 ሚሊሻዎች ቆሙ፤ ስምንቱ ሞቱ። መጀመሪያ ማን እንደተኮሰ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከቆሰሉት አንዱ ፕሪንስ ኤስታብሩክ ነው፣ የሰው ባሪያ የነበረ ጥቁር። ስሙ የተጻፈበት ድንጋይ ሜዳው አጠገብ አለ።

ወደ መኪናችን ስንመለስ የድሮ ልብስ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ሰሌዳችንን እያዩ ይስቃሉ። የዲሲ ታርጋ ላይ «ያለ ውክልና የሚጣል ግብር» የሚለው የድሮ መፈክር ከ2000 ጀምሮ አለ፤ ኋላ «ይብቃ» የሚል ተጨምሮበታል። ዲሲ ወደ 700 ሺህ ሰው ይኖራል። የፌዴራል ግብር ይከፍላል። ሴኔት ውስጥ አንድም ሰው የለውም። ታችኛው ምክር ቤት ያለችው አንዲት ተወካይ ደግሞ ሕግ ሲጸድቅ ድምፅ የላትም።

«አልጨረስንም ማለት ነው» አሉ ሽማግሌው።

«እኔማ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ፤ ከዲሲም እበልጣለሁ» አላቸው የአጎቴ ልጅ። ግብሩን በየዓመቱ ይከፍላል፤ ለፕሬዚዳንት እንኳ አይመርጥም። ሽማግሌው ትከሻውን መታ መታ አድርገው ሄዱ።

ኮንኮርድ ድልድዩ ላይ ስንደርስ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ወንዙ ትንሽ ነው። ማዶ የገበሬዎቹ ሐውልት፣ ወዲህ ደግሞ የሁለት እንግሊዛውያን ወታደሮች መቃብር። እዚህ ቆሜ ያሰብኩት ስለ ሻይ አይደለም። እነዚህ ገበሬዎች ከቦስተን ነጋዴ ጋር ምን አገናኛቸው?

መልሱ ከሻዩ በኋላ በመጡት ሕጎች ውስጥ ነው። ለንደን ተቆጣች። በጁን 1774 የቦስተንን ወደብ ዘጋች። ይሄ ቦስተንን ብቻ ነው የሚመለከተው። ግን አልበቃትም። ተመርጦ ይሠራ የነበረው የማሳቹሴትስ ላይኛው ምክር ቤት በንጉሡ ሹመት እንዲሆን አደረገች። የመንደር ስብሰባም ከአገረ ገዥው ፈቃድ ውጭ በዓመት አንዴ ብቻ ሆነ። የመንደሩ ሰው ደግሞ መንገዱንም፣ ትምህርት ቤቱንም፣ የቄሱን ደሞዝም የሚወስነው እዚያ ስብሰባ ላይ ነበር። ሻይ የማይጠጣውም ገበሬ አሁን ተነካ። በዚያ ቀን የተዋጋ ሌቪ ፕሬስተን የሚባል ሰው አርጅቶ ሳለ ለምን እንደተዋጋ ተጠየቀ ይባላል። ቴምብሩን አይቼው አላውቅም፣ ሻዩንም ጠጥቼው አላውቅም አለ። ራሳችንን በራሳችን ነበር የምናስተዳድረው፤ እነሱ ያንን አልፈለጉም አለ።

በዚያች ቀን እንግሊዞቹ ወደ ቦስተን ሲመለሱ ከየአጥሩና ከየዛፉ ጀርባ እየተተኮሰባቸው 73 ሞቱ። ከአሜሪካኖቹ 49።

ከዚያ ወደ ኒውተን በረርን፤ ማራቶኑን ዳገቱ ላይ ጠበቅነው። ባንዲራ የያዘ ሐበሻ መንገዱን ዳርና ዳር ሞልቶታል። ልጆቻችን ብቅ ሲሉ የጮህነው ጩኸት ማታ ድምፄን ዘጋው።

ማክሰኞ፣ የበንከር ሂል ደረጃ

ቦስተንን ከመልቀቃችን በፊት ቻርልስታውን ያለውን ሐውልት ወጣን። 294 ደረጃ ነው፣ ሊፍት የለውም። በጁን 17 ቀን 1775 እንግሊዞች ይቺን ኮረብታ ያዙ። ግን ከሺህ በላይ ሰው ሞቶና ቆስሎባቸው ነው።

ይሄ ሁሉ ደም ፈስሶም ገና ነጻነት የሚል አልነበረም ማለት ይቻላል። በጁላይ 1775 የቅኝ ግዛቶቹ ጉባኤ ለንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ የእርቅ ደብዳቤ ላከ። ፓርላማው ነው የበደለን፣ አንተ አስታርቀን የሚል ዓይነት። ንጉሡ አልተቀበለም። በኦገስት ቅኝ ግዛቶቹ አምፀዋል ብሎ አወጀ። በልመና የመጣን ሰው እንዲህ መመለስ ከሦስቷ ፔንስ የከፋ ስህተት ይመስለኛል። ከዚያ በጃንዋሪ 1776 ቶማስ ፔይን የሚባል ከእንግሊዝ ከመጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሰው አንድ ትንሽ ጥራዝ አሳተመ። ንጉሥ ለምን ያስፈልገናል ብሎ በተራ ሰው ቋንቋ ጠየቀ። ሀገር ምድሩ አነበበው። ይሄም ሰው በፊት ሥራው ምን ነበር? እንግሊዝ ውስጥ ቀረጥ ሰብሳቢ። ሁለት ጊዜ የተባረረ።

ቀኑን ሙሉ ነድተን ማታ ፊላደልፊያ ገባን።

ረቡዕ፣ ፊላደልፊያ

የነጻነት አዳራሹ ከምስሉ ያነሰ ነው። አረንጓዴ ጨርቅ የለበሱ ጠረጴዛዎች፣ ላባ ብዕር፣ ሻማ። የነጻነት መግለጫው በጁላይ 4 ቀን 1776 የጸደቀው እዚህ ክፍል ውስጥ ነው። ጽሑፉን ስልኬ ላይ ከፍቼ በንጉሡ ላይ የቀረቡትን ክሶች ቆጠርኩ። 27 ናቸው። ያለፈቃዳችን ግብር ጣለብን የሚለው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ያውም ከመሃል። ሌላው ስለ ተበተኑ ምክር ቤቶች፣ ስለ ዳኞች፣ ስለ ወታደር ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ያጨቃጨቀው ነገር ጽሑፉ ላይ ሲደርስ አንሶ ነበር።

የነጻነት ደወል ከሚባለው ታሪካዊ ደወል አጠገብ ጆርጅ ዋሽንግተን ፕሬዚዳንት ሳለ የኖረበት ቤት መሠረት አለ። እዚያ ቤት ዘጠኝ ባሪያዎች አገልግለውታል። የፔንስልቬንያ ሕግ ስድስት ወር የተቀመጠን ባሪያ ነጻ ስለሚያወጣ፣ ዋሽንግተን ጊዜው ሳይሞላ ከግዛቱ እያስወጣ ይመልሳቸው ነበር። ኦና ጀጅ የምትባለው በ1796 አምልጣ ቀረች።

ስለ ግብሩ ደግሞ ይቺን አዳምጡ። አዲሱ መንግሥትም ከጦርነቱ የወረሰው ዕዳ ነበረበት። የገንዘብ ሚኒስትሩ አሌክሳንደር ሃሚልተን መላ አመጣ፤ በ1791 ውስኪ ላይ ቀረጥ ተጣለ። የምዕራብ ፔንስልቬንያ ገበሬዎች እህላቸውን ውስኪ አድርገው ነበር የሚሸጡት፤ እንቢ አሉ። ቀረጥ ሰብሳቢዎቹን ሬንጅ ቀብተው ላባ አለበሷቸው፣ ልክ ቦስተን ላይ እንደተደረገው። ዋሽንግተን በ1794 ከዚህችው ከተማ ተነስቶ ወደ 13 ሺህ የሚጠጋ ጦር አዘመተባቸው። አመጹ ሳይዋጋ ተበተነ። ሞት የተፈረደባቸውን ሁለት ሰዎች ራሱ ማራቸው።

«እነዚህስ ተወካይ ነበራቸው?» አለኝ የአጎቴ ልጅ።

ነበራቸው። ኮንግረስ ውስጥ ሰው ነበራቸው፣ ድምፅም ሰጥተዋል። ቀረጡን በጦር ሳይሆን በምርጫ ነው ያስነሱት፤ ቶማስ ጀፈርሰን ሥልጣን ሲይዝ፣ በ1802።

ከሰዓት በኋላ መንገድ ጀመርን። ደላዌር ላይ ከፈልን፣ ሜሪላንድ ላይም ከፈልን።